ከነሐሴ ሃያ ሰባት በኋላ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 10 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም። የመጋዘናችን ቆርቆሮ እንዲህ ሲደበደብ ለፋፊው የታጋዮቹን ስም ቢጠራ ከፊተኛው ረድፍ ወዲያ የሚሰማው የለም። ዛሬ ግን ከፊተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

በር ላይ ትኬት የምትሸጠው የሟች ወንድሜ ሚስት አስቴር ወንበሯን አጣጥፋ ገባች።

«ሰዉ የት ሄደ?» አልኋት።

«ፒያሳ ነዋ! ተፎካካሪህ በዛብህ ጭምብል የሚያጠልቅ ፈረንጅ አምጥቷል። አውቶቡስ እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ ልኮ ነው ሰዉን የሚያስጭን። የኛን ልጆች ፊትማ ከክርስትናቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ምን ሊያዩ ይምጡ?»

ወንድሜ ይህን የነጻ ትግል ጓድ በአቃቂ ጣቢያ አጠገብ ያቋቋመው ለፋብሪካና ለባቡር ሠራተኞች የቅዳሜ መዝናኛ እንዲሆን ነበር። ሲሞት የጂኦግራፊ መምህርነቴን ትቼ ተረከብሁት። ትቼ መምጣቴ ስሕተት ነበር ብዬ አላምንም። በዚህ ክረምት ቢዘጋ ግን የዘጋሁት እኔ እሆናለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 15

ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ሲያበቃ፣ ቅዳሜ ማን እንደሚወድቅና እንዴት እንደሚወድቅ እንመክራለን። ይህን ከጓዱ ውጭ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ እያንዳንዱን ታጋይ ምሥጢሩን እንዳያወጣ በወንጌል አስምሎታል፤ እኔንም ጭምር።

የጓዱ ምሰሶዎች ሁለት ናቸው። ለሜሳ ጣቢያው ሳይሠራ በፊት ጀምሮ እዚሁ ሲያርስ ከኖረ ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ ያነሣል፣ ይጥላል። ገብረጻድቅ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ መውደቅን እንደ እሱ የሚያውቅበት የለም። አንድ ሜዳ ላይ ያደጉ ናቸው።

«አንተ እኮ ስትወድቅ እንደ እህል ጆንያ ነው» አለው ዛሬ ለሜሳ ፍራሹን እያራገፈ።

«ታዲያ ጆንያውን ማን ሞላው? እናትህ አይደለች? የዛሬ ሳምንት የሰጠችኝ ቂንጬ እስካሁን አልወረደልኝም።»

«አንተ ስትመጣማ ለኔ ምንቸቱን ነው የምታስልሰኝ!»

ሳቁ። እኔ ስለ ባዶዎቹ ወንበሮች እያሰብሁ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 25

ሁለቱን አስጠርቼ ሐሳቡን ነገርኋቸው። በዛብህ ጭምብል ካለው፣ እኛ ምን አለን? ሰው ፊታቸውን የሚያውቃቸው ልጆች አሉን። እንግዲያው የሚያውቋቸው ፊቶች ለምን እንደሚጣሉ ተመልካቾቹ ማወቅ አለባቸው። ትግል ያለ ቂም የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

የለሜሳ ታላቅ ወንድም ኦልጅራ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በመስቀል ማግሥት፣ በጭጋግ ሐዲዱን ሲሻገር ባቡር ገጭቶት ሞቷል። የገብረጻድቅ አባት አባባ ቀናው ጡረታ እስኪወጡ ባቡር ነጂ ነበሩ።

ገብረጻድቅ ወዲያው፦ «ጋሼ ሙሉአለም፣ አባቴ እኮ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ነበር!» አለኝ።

ይህን አስቀድሜ አረጋግጫለሁ። በዚያ ጠዋት የነዳው አንድ ፈረንሳዊ ሲሆን ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆይቷል። ስለዚህ አባባ ቀናው ገደሉ የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም፤ ይህን ቃል ገባሁላቸው።

ለሜሳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና አሰረ። ከዚያ «እርስዎ ካሉ» አለ። ፈቃድ ነው ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 1

የተከራየነው ፊያት ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ ሲመላለስ ዋለ። ቃሉን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፦

«የለሜሳ ወንድም ኦልጅራ በዚህ ሐዲድ ላይ ባቡር ገጭቶት ሞተ። የገብረጻድቅ አባት በዚህ ሐዲድ ላይ ሠላሳ ዓመት ባቡር ነዱ። ሁለቱ ልጆች ነሐሴ ሃያ ሰባት ይገናኛሉ!»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። በመካከላቸው አያያዥ ቃል የለም። የሚያያይዝ ካለ አድማጩ ነው።

እስከዚያው በየሳምንቱ ሁለቱ ከሌሎች ጋር ይታገላሉ፤ በገመዱ ዙሪያ እየተያዩ ይዛዛታሉ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ግማሽ ያህሉ ሞላ! በዚህ ዝናብ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 15

ቦታ ጠፍቶ ቆመው ያዩ አሉ። ከገጠር በእግራቸው የመጡ፣ በትር የያዙ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ገብረጻድቅ ሲገባ እንደ ወትሮው የሚጮህበት አልነበረም።

«ደስ አይልም?» አልኋት አስቴርን።

«የሰዉን ፊት አየኸው?» አለች። «ይሄ ሊያይ የመጣ ሰው አይደለም። ሊፈርድ የመጣ ነው።»

አስቴር ነገር ማግነን ትወዳለች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 18

አባባ ቀናው ወደ ቢሮዬ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የእሳቸው ዘመን ሰው ወደ ጉዳዩ በቀጥታ አይገባም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ወንድሜ ነፍስ ጠየቁኝ። ከዚያ፦

«እሑድ እድር ላይ፣ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ዋለ። መጀመሪያ አጋጣሚ መስሎኝ ነበር።»

«ማስታወቂያ ነው፣ አባባ። ሰው ይረሳዋል።»

«ልጄ፣ እኔ አንተን ልከስ አልመጣሁም። የተማርክ ሰው ነህ። በዚያችው መኪና ላይ፣ ‹ቀናው አይደለም የነዳው› ብለህ አንዲት ቃል ብትጨምርበትስ?»

ብጨምርበት ትግሉ ይቀራል። ይህን በዚህ ቃል አልነገርኋቸውም። «ከነሐሴ ሃያ ሰባት በኋላ፣ በገዛ አንደበቴ አስታውቃለሁ» አልኋቸው።

«ከነሐሴ ሃያ ሰባት በኋላ» ብለው ደገሙት፤ እንደ ባቡር ሰዓት። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ጃንጥላ አልያዙም ነበር። የእኔን ልሰጣቸው አሰብሁ፤ ሳስብ ራቁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 24

ችግር ተፈጥሯል።

ለሜሳና ገብረጻድቅ ትናንት ቃሊቲ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሳሕን ሲበሉ ታዩ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ የለሜሳ እናት እማማ አደሴ ቤት ደረሰ። ለሜሳ ሲገባ መደቡ ላይ ያለውን አንሶላውንና ጋቢውን ደጅ አውጥተው፣ እሳቸው መግቢያው ላይ ቆመው አገኛቸው።

«‹ከኦልጅራ ደመኛ ጋር የበላ እጅ ይህን ደፍ አይሻገርም› አለችኝ፤ ጋሼ» አለኝ። «ስንት ዓመት በገዛ እጇ ያጎረሰችው ልጅ ነው እኮ! ‹የነጂው ልጅ መሆኑን ደብቃችሁ አጎረሳችሁኝ› ትላለች።»

ይህን አላሰብሁበትም። ደመኛ ከደመኛ ጋር ማዕድ እንደማይቆርስ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያወቅሁት ሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለ ዕቃ ነበር።

ሁለቱ እስከ ቀኑ ድረስ የትም ቦታ አብረው እንዳይታዩ አዘዝሁ። በመንገድ ቢገናኙም ሰላምታ እንዳይለዋወጡ።

«እስከ መቼ?» አለ ገብረጻድቅ።

«እስከ ነሐሴ ሃያ ሰባት።»

ሲወጡ አንዱ በፊት በር፣ ሌላው በጓሮ ወጣ። ትእዛዜ ወዲያው መከበሩን አስተዋልሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 3

ፍልሰታ። ልጆቹ በጾም ስለሚደክሙ ልምምዱን አሳጠርሁ።

ከለሜሳ ወገን ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ መልእክት ላኩ፦ ነገሩ በትግል ሳይሆን በእርቅ ማለቅ አለበት፤ ሁለቱ ወገኖች ይቅረቡ። ለእርቅ ከቀረብን ሽማግሌዎቹ እውነቱን በመሐላ ይጠይቃሉ። እውነቱ ደግሞ፣ ቂሙ ለትግሉ ሲባል የተፈጠረ መሆኑ፣ ወንድሜ ያስማለው ሌላ መሐላ አለበት። ጊዜ እንዲሰጡን ጠየቅሁ። እስከ መቼ እንዳልኋቸው መጻፍ አያስፈልግም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 11

አቶ በዛብህ በራሱ መኪና መጣ። ጭቃው እስከ በሩ መያዣ ደርሶ ነበር፤ ደስ አለኝ። ባዶ መድረኩን ዞሮ ዞሮ ገመዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህ? የቅዳሜው አውቶቡሴ ከሳሪስ ሾፌሩንና ረዳቱን ብቻ ይዞ ተመለሰ እኮ!»

«ሥራችንን ሠራን።»

«ሥራ? እኔ ጭምብል ነው የምሸጠው፤ ትግሉ ሲያልቅ ይወልቃል።» ሳቀ። «አንተ የምትሸጠው ደም ነው። እሱን በምን ታወልቀዋለህ፣ አቶ ምሁር?»

ቅናት ነው። በቅናት የተነገረ ነገር ግን የግድ ሐሰት አይሆንም፤ ይህን ለራሴ ብቻ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 19

ለሜሳን ለብቻው አነጋገርሁት። ለእናቱ እውነቱን መንገር ከፈለገ፣ ከመሐላው ውጭ መንገድ ልንፈልግ እንችል እንደሆነ ልጠይቀው ነበር። ደግሞም ሊነግር እንደማይፈልግ ልሰማ ነበር፤ ይህን አልክድም።

«ጋሼ፣ ኦልጅራ ከሞተ ጀምሮ እናቴ በማለዳ ተነሥታ አታውቅም ነበር» አለኝ። «ማንን ትጥላ? ባቡሩን? ሐዲዱን? ጭጋጉን? አሁን ትነሣለች። ጸጉሯን ትሠራለች። ለእኔ ባትሰጠኝም፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጣ ትበላለች። የምትጠላው ሰው አገኘችና ዳነች።»

«እና ገብረጻድቅ?»

መዳፉን ገለበጠው፤ የሚያነሣበትንና የሚጥልበትን መዳፍ። «አንዳንዴ እኔም ራሴ... ሲደጋገም፣ ጋሼ፣ አባቱ የነዳው ይመስለኛል» አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 25

የመጨረሻው ምክር። ሁለቱ ከአንድ ወር በኋላ ከሕዝብ ዓይን ውጭ በአንድ ክፍል ተገናኙ፤ አልተያዩም። ቅዳሜ ለሜሳ ሦስት ጊዜ ያነሣዋል፤ በሦስተኛው ገብረጻድቅ ወድቆ ይቀራል። ደሙ ተመለሰ ይባላል፤ ጓዱም ይድናል።

«ፍራሹ እርጥብ ነው» አለ ገብረጻድቅ። «የሚጥለኝ ሰው ካልተጠነቀቀ አንገቴ ነው።» ይህን ያለው ለእኔ ነው፤ ወደ ለሜሳ አልዞረም።

ለሜሳም ለእኔ መለሰ፦ «እሱ መውደቅ ያውቃል።»

በጓዱ ታሪክ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ገብረጻድቅ ተነሣና መሐላውን እንድፈታለት ለመነኝ፤ ወደ እማማ አደሴ ሄዶ ሁሉን ሊነግራቸው። ወንድሜ ያስማለውን እኔ መፍታት አልችልም አልሁት። ትክክል ነው። ደግሞም ከቀኑ በኋላ እናያለን አልሁት።

«ከነሐሴ ሃያ ሰባት በኋላ አንገት የሚኖረኝ ይመስልዎታል?» አለና ሳቀ። የእሱ ሳቅ አልነበረም።

ማቋረጥ እችል ነበር። ለመጻፍ የምችለው ይህን ያህል ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 27፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ሰልፉ ጣቢያው ድረስ። አስቴር ትኬት ጨረሰች። ሽማግሌዎቹ ፊት ረድፍ፤ እማማ አደሴ በመካከላቸው፣ ነጭ ለብሰው። በዛብህም መጥቷል። አባባ ቀናው ወደ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር። ማን አስገባቸው? ዝናቡ ጀመረ።

እሑድ፣ ነሐሴ 28

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ለሜሳ አስቀድሞ ገባ። ሰዉ በእግሩ ወለሉን መታ። ቀጥሎ ገብረጻድቅ ተጠራ፤ ግን በዝናቡ የለፋፊው ድምፅ አልተሰማም፤ ብዙዎች ያወቁት ሲያዩት ነው። ጎንበስ ብሎ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ የታመመ መሰለኝ። ከዚያ በሁለት እጁ ማጅራቱ ላይ የያዘውን አየሁ፦ ከሐዲዱ ሥር ከሚነጠፈው ጠጠር ሳይሆን፣ ከድልድዩ ሥር ካለው ትልቅ ድንጋይ አንዱን ተሸክሟል።

በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ምን ሊል እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። የሚሰማው የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ወደ ለሜሳ አልሄደም። በገመዱ ሥር ሾልኮ፣ ፊተኛው ረድፍ ትይዩ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተንበረከከ። እኔ ከአጠገቡ ነበርሁ፤ የተናገረውን ከሰሙት ጥቂቶች አንዱ ነኝ።

«እማማ፣ ስለ ኦልጅራ ይቅር በሉን።»

ይህን ብቻ ነው ያለው። አባቴ ገደለ አላለም። መሐላውንም አላፈረሰም። ቃል በቃል ቢመረመር ሐሰት የለበትም። ከማን እንደተማረው አውቃለሁ።

እማማ አደሴ አልተነሡም። «አባትህ የታለ?» አሉ።

ገብረጻድቅ ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አስተካከለ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር፤ አባባ ቀናው ሐምሌ ላይ የለመኑኝ። ወደ ኋላ ዞር ስል በዛብህ አተኩሮ እያየኝ ነበር፤ አስቴርም፤ ሕዝቡም። አፌን ገጠምሁት።

ያኔ ከግድግዳው ሥር አባባ ቀናው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለጎረቤታቸው ሰጡ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው። እርጥቡ መድረክ ላይ በዝግታ፣ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን አድርገው፣ ከልጃቸው አጠገብ ተንበረከኩ። ድንጋዩን ከአንድ ወገን ደግፈው ያዙለት።

ለሜሳ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እማማ አደሴ ድንጋዩን ለማንሣት ሲሞክሩ አቃታቸው። ኦቦ ጉተማ ደረሱላቸው፤ ለሜሳም መጣ፤ ሦስት ሆነው ከአንገቱ ላይ አወረዱት። ኦቦ ጉተማ በእጃቸው የያዙትን እርጥብ ሣር ከፋፍለው ለሁለቱም ወገን አስያዙና ጮኸው ተናገሩ፦

«ከዛሬ ወዲያ እነዚህ ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ እጁን ቢያነሣ፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ምድር አትቀበለው!»

«አሜን!» አለ መጋዘኑ ሁሉ። እንዲህ ያለ ጩኸት ወንድሜም በዘመኑ አልሰማም። ሰዉ እየተላቀሰ ወጣ። ትግሉ ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከበዛብህ በላይ ሆንን። ከዚያም ሁለቱ ታጋዮቼ ለዘላለም እንዳይታገሉ ሕዝቡ አሜን አለ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 2

በዛብህ ሰው ላከ። ሁለቱን ልጆች ይፈልጋል፤ ለትግል አይደለም። እርቁን፣ ከነድንጋዩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ላይ እንዲያሳዩለት።

ለልጆቹ ነገርኋቸው፤ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ለሜሳ ተነሥቶ ወጣ። ገብረጻድቅ፦ «እርስዎ ምን አሉት?» አለኝ። እምቢ ማለቴን ስነግረው ደነቀው። በመደነቁ ያዘንሁትን ያህል በምንም አላዘንሁም።

መጋዘኑን ቆለፍሁ። ድንጋዩ መድረኩ ላይ ቀርቷል፤ የሚያነሣው አልተገኘም።

እሑድ፣ ጳጉሜን 5

አባባ ቀናው ቤት ሄድሁ። ነሐሴ ሃያ ሰባት አልፏል፤ ቃሌን ልፈጽም። እማማ አደሴ ጋ ሄጄ፣ ኦቦ ጉተማ ባሉበት፣ የነዱት እርስዎ እንዳልነበሩ እናገራለሁ አልኋቸው። መሐላዬን ማፍረስ ከሆነም አፈርሰዋለሁ።

የደጃቸውን ቦይ በአካፋ ይጠርጉ ነበር። አላቋረጡም።

«ለማን ብለህ ነው የምትናገረው?»

«ለእርስዎ። ለስምዎ።»

«ስሜንማ ሐምሌ ላይ ለምኜህ ነበር» አሉ፤ ያለ ቁጣ። «አሁን እዚያች ሴትዮ ጋ ሄደህ፣ ይቅር ያልሽው ሰው የለም፣ ልትላት ነው? እንደገና ጭጋጉን ጥዪ ልትላት ነው? ያኔ አንተ ይቀልልሃል። እሷስ?»

ከቦዩ የወጣውን ጭቃ በጫማዬ ጫፍ ገፋሁ።

«እኔ ከአዋሽ ወዲያ አንድ ሰው ገጭቻለሁ፤ ድሮ። ግመል የሚነዳ። ቆመን ወርደን ስናየው አልቋል። ወገኑ መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ዓመቱን ሙሉ ጠበቅኩ። የመጣ የለም። የምንበረከክለት ሰው አላገኘሁም።» አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ተወው፣ ልጄ። ዝም በል። ዝም ማለትን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቅበታለህ።»

ስድብ መሆኑን ወይም አለመሆኑን እስካሁን መወሰን አልቻልሁም።

እሑድ፣ መስከረም 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

የኦልጅራ ዝክር። እማማ አደሴ እኔም እንድመጣ በለሜሳ በኩል ልከው ነበር። ላለመሄድ ሦስት ምክንያቶች አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱም በቂ ነበሩ። አስቴር ጃንጥላዬን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

አባባ ቀናው ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ በክብር ቦታ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ባዶ ቦታ አልነበረም። ለሜሳና ገብረጻድቅ ጠላ እየቀዱ ያሳልፋሉ፤ አንዱ ገንቦውን ሌላው ዋንጫውን ይዞ። ይነጋገራሉ፤ «እንካ»፣ «ቆይ»፣ «እሳቸው ጋ»። ቀልድ አልሰማሁም። ጠብቄ ነበር።

እማማ አደሴ በገዛ እጃቸው ጠቅልለው አባባ ቀናውን አጎረሱ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ፤ ለማን እንደጎረሱ እሳቸው ያውቃሉ።

ከዚያ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሰው አጥቼ ኖርኩ። ያገናኘኸን አንተ ነህ፣ ልጄ። ያቺን መኪናህን ባትልካት ኖሮ ሳላውቅ እሞት ነበር። እውነቱን እንዳወጣህልኝ፣ እግዚአብሔር እውነትህን ያውጣልህ።»

አባባ ቀናው ከማዶ ያዩኝ ነበር። ለሜሳ ገንቦውን እንደያዘ ቆመ።

«አሜን» አልሁ።